የአንባቢ ጥያቄ፦ የድሮ ዲቲ ወንበር ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ በአየር የሚቀዘቅዝ የድሮ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለኝ። የወንበሩ ልብስ ተቀዷል፤ ስፖንጁ ውሃ ይዞ ተፈረካክሷል፤ ከሥር ያለው ቆርቆሮም በአንድ ጎኑ ዝጓል። ሙሉ ወንበር ፈልጌ ያገኘሁት አንድ የዲቲ ወንበር አልገጠመልኝም። ምን ይሻለኛል? (ከወሊሶ)

መልስ፦ ያልገጠመው በውሃ ከሚቀዘቅዘው፣ ከኋለኛው ዲቲ 125 አር የወጣ ሳይሆን አይቀርም። ስማቸው ቢመሳሰልም ሻንሲያቸው ስለሚለያይ ወንበር አይዋዋሱም። «የዲቲ ነው» የሚል ሻጭ አይመኑ፤ በፓርት ቁጥር ይጠይቁ። በያማሃ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች የሞዴሉ መለያ ናቸው፤ የሚከተለው 24730 ሙሉ ወንበርን ያመለክታል። በድሮዎቹ ሞተሮች መለያው ብዙ ጊዜ የሻንሲ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ተመትቶ ይገኛል።

ለነገሩ ሶማሌ ተራን ከመዞርዎ በፊት ያለዎትን ቆርቆሮ በደንብ ይዩት። ልብስና ስፖንጅ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ይሠራዋል። አስቸጋሪው ቆርቆሮው ነው፤ ከፊት ሻንሲው ላይ የሚሰካው ምላሱና የቡሎን ጆሮዎቹ ቦታቸውን ትንሽ ከሳቱ ወንበሩ አይገባም። ስለዚህ ልብሱ የተበጣጠሰ፣ ቆርቆሮው ግን ደህና የሆነ የሞዴልዎ ወንበር ካገኙ ሳይከራከሩ ይግዙት።

ካላገኙ ያስበይዱ። መጀመሪያ ግን ስፖንጁ ከፍርፋሪው ጭምር ይነሳ፤ በብየዳ ብልጭታ ወዲያው ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ከመጣልዎ በፊት የፊቱን፣ የመሀሉንና የኋላውን ከፍታ ለክተው ይጻፉ። የበሰበሰው ተቆርጦ በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይተካ። በያጁ በአንድ መስመር ከሳበው ቆርቆሮው በሙቀት ይጣመማል፤ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ ይሂድ። በጥቂት ነጥብ እንደተያዘ ሞተሩ ላይ አስቀምጠው ልኩን ይዩ፤ ቀሪው ብየዳ ግን ከሞተሩ ተነስቶ፣ ከቤንዚን ርቆ ነው። ከዚያ ሁለት እጅ ፀረ ዝገት ቀለም።

የፍራሽ ስፖንጅ ቶሎ ይተኛል። ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የተሠራውን፣ ዥንጉርጉሩን ይምረጡ፤ ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ይደረብበት። በማስቲሽ ሲለጠፍ ሁለቱም ፊት ተቀብቶ፣ እጅ ላይ መጣበቁን ሲያቆም ነው የሚገናኘው።

የልብሱ ስፌት መቀመጫው ላይ አይዋል። ውሃ የሚገባው በመርፌው ቀዳዳ ነው፤ ቆርቆሮዎን የበላውም ይኸው ሊሆን ይችላል። ስፌቱ ወደ ጎን ይውረድ፣ ከልብሱ ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ የቆርቆሮው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት ይሁኑ። ልብሱን ፀሐይ ላይ አሙቀው መጀመሪያ የፊትና የኋላ መሀሉን፣ ቀጥሎ ጎኖቹን ይሳቡ። ማዕዘኑን ያስቀደመ ሽብሽባት አያጣም። ልብሱን የሚይዙትን የቆርቆሮው ጥርሶች ደጋግሞ መታጠፍ ስለሚሰብራቸው አንዴ ብቻ ይጠፏቸው።

ሲገጥሙ ከሥር ያሉትን የጎማ ትራሶች አይርሱ፤ ከሌሉ ቆርቆሮው ሻንሲው ላይ እየተመታ ይሰነጠቃል። ከወፍራም ጎማ ቆርጦ መተካት ይቻላል። ምላሱ መያዙን ለማወቅ ቡሎኑን ከማጥበቅዎ በፊት የወንበሩን አፍንጫ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ከተነሳ አልገባም።