የአባትን መስመር በዘረመል ለምትከተሉ ወጣቶች

ይድረስ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በገላን ሆናችሁ ዘረመል ለምትማሩ። ጤና ይስጥልኝ።

የጥንት ሰዎችን ጉዞ በአባት መስመር መፈለግ ከማሽኑ አይጀምርም፤ ከመጠይቁ ቅጽ ነው የሚጀምረው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ሁለት ወንዶች በአባት በኩል መቼ እንደሚገናኙ ይነግራችኋል። የት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም፤ የቦታው ነገር የሚገኘው ከቅጹና ከጥንት አጥንት ነው።

ቅጹን ታዲያ አትናቁት። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ ላይ ከወሎ፣ ከጋሞና ከሐረርጌ የመጡ ሦስት ጎረቤታሞች ታገኛላችሁ። «አዲስ አበባ ዳር የተወሰደ ናሙና» ብሎ መጻፍ ስለዚህ ምንም አይጠቅምም። የአባት አያት የተወለደበትን ቦታ እስከ ወረዳው፣ አፍ የፈታበትንም ቋንቋ ጠይቁ። እኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለ የወንድማማች ልጆች በስም ዝርዝር ላይ ባዕድ ይመስላሉ፤ ሁለቱንም ካስገባችሁ አንዱን መስመር ሁለቴ ቆጠራችሁ ማለት ነው። መድኃኒቱ በእጃችን ነው፦ ሰባት ቤት አስቆጥሩ፤ እስከ ሦስተኛው ቤት የሚገናኙ ካሉ አንዱን ብቻ ያዙ። በጉዲፈቻ ወይም በሞጋሳ (ባዕድን ወደ ጎሳ በሚያስገባው የኦሮሞ ሥርዓት) የገባ አያት እንዳለም በአክብሮት ጠይቁ። በጎሳው ቆጠራና በዋይ ክሮሞዞሙ መካከል ለሚታየው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተመዝግቦ ከተገኘ እንከን ሳይሆን መረጃ ይሆናል።

ናሙና ስትወስዱ ሰውየው ከ30 ደቂቃ ወዲህ የበላውና የጠጣው ነገር አይኑር። ቡና ተፈልቶ ከቆያችሁ ናሙናው ይቅደም፣ ቡናው ይከተል። ጫት የሚቅም ከሆነ በውኃ ይጉመጥመጥና ጠብቁት፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ፖሊፌኖል የሚባል ውህድ ፒሲአሩን፣ ማለትም ዲኤንኤውን የማባዛቱን ሥራ፣ ሊያግደው ይችላል። ጉንጭን በጥጥ እንጨቱ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሰከንድ ያህል እሹት። እርጥቡን በላስቲክ መጠቅለል ሻጋታ መጥራት ነው፤ አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ክረምት ላይ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጨምሩ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በፍሪዘር ከመተማመን ናሙናን በደረቁ በሚያቆይ ኤፍቲኤ ካርድ ማስቀመጥ ይሻላል። ደም የምትቀዱ ከሆነ ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ ያለበትን ቱቦ ያዙ፤ ለዚያው ሥራ የሚውለው ሄፓሪን ግን ፒሲአርን ያበላሻል።

ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ወንድ ሠራተኛ ራሱ ዋይ ክሮሞዞም ተሸክሞ ይገባል። በእያንዳንዱ ዙር የሴት ዲኤንኤና ባዶ ውኃ እንደ መቆጣጠሪያ አስገቡ። ከሁለቱ በአንዱ የዋይ ምልክት ከታየ ዙሩን በሙሉ ጣሉት። በኤክስና በዋይ ላይ ርዝመቱ የሚለያየው የአሜሎጀኒን ጂን ምርመራም ብክለቱን ቶሎ ያሳያል፤ በተለመደው ፕራይመር (የሚባዛውን ቦታ በሚለየው አጭር ዲኤንኤ) የኤክሱ 106፣ የዋዩ 112 የዲኤንኤ ፊደል ርዝመት ላይ ይወጣል።

ዋይ ክሮሞዞም 62 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው። ዲኤንኤን ቆራርጦ በሚያነበው አጭር ንባብ በእምነት የሚነበበው ግን ወደ 10 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የቀረው ድግግሞሽ ነው፣ ወይም ከኤክስ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ወንድ ያለው ዋይ አንድ ስለሆነ በአንድ ቦታ ሁለት ዓይነት ፊደል ካያችሁ አትደሰቱ። ወይ ንባቡ ከኤክስ መጥቶ ተለጥፏል፣ ወይ ናሙናው ተቀላቅሏል። ንባቦቹ የሚነጻጸሩበትን የማጣቀሻ ጂኖም (ሙሉ ዘረመል) ቅጂ ቁጥርም ጻፉ። በ37ኛውና በ38ኛው ቅጂ የቦታ ቁጥሮቹ ስለሚለያዩ፣ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው በአባት መስመሮች ዛፍ ላይ የሌለ ቅርንጫፍ ያገኛል።

ዕድሜ ማስላት ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የለውጡ ፍጥነት በአንድ ፊደል በዓመት ወደ 0.8 በቢሊዮን ነው፤ ይህ መጠን በሳይቤሪያ ከተገኘው 45,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ካለው የኡስት-ኢሺም ሰው አጥንት ጋር ተመሳክሯል። በ10 ሚሊዮን ፊደል ላይ በየ125 ዓመቱ አንድ ለውጥ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በ80 ቦታ ቢለያዩ ለእያንዳንዱ መስመር 40 ይደርሳል፤ የጋራ አባታቸው 5,000 ዓመት ወደ ኋላ ነው። 80ውን ሳያካፍሉ በ125 አባዝቶ 10,000 የሚል አይጠፋም። በአጫጭር ድግግሞሾች (ተደጋግመው በሚመጡ አጭር የዲኤንኤ ቅንጥቦች) ማስላት ደግሞ የባሰ ነው። በአባትና ልጅ የተለካው ፍጥነት በትውልድ 0.002 አካባቢ ሲሆን «የዝግመተ ለውጥ» የሚባለው 0.0007 ነው። አንዱን ወይም ሌላውን በመምረጥ ብቻ ዕድሜው ሦስት እጥፍ ይለወጣል። የድሮ ጽሑፍ ስታነቡ መጀመሪያ የትኛውን እንደተጠቀመ ፈልጉ፤ ካልጻፈ ቀኑን እለፉት።

ለቅርንጫፍ ስም ስትሰጡ በመጨረሻው ለውጥ ስጡ፦ ኢ-ኤም78፣ ጄ-ኤም267፣ ኤ-ኤም13። ረጅሙ፣ በላቲን ፊደልና በቁጥር ሰንሰለት የሚጻፈው ስም ዛፉ በታደሰ ቁጥር ይለወጣል። እነዚህ ሦስቱም አገራችን ውስጥ አሉ፤ አንዳቸውም ግን የብሔር መታወቂያ አይደሉም። ከ10 ትውልድ በፊት 1,024 የአያት ቦታ አለ፤ ዋይ የሚያወራው ስለ አንዱ ነው። ጄ-ኤም267 በዓረቢያም በእኛም ደጋ መኖሩን አይቶ ወዲያው የታወቀ ታሪክ ላይ መስፋት ያምራል። ይሁንና የቅርንጫፍ ዕድሜ የጉዞ ቀን አይደለም፤ ቅርንጫፉ ከመሻገሩ ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ተወልዶ ሊሆን ይችላል።

አጥንት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከጋሞ ደጋ የሞታ ዋሻ (የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም) የተገኘው 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ አባታዊ መስመሩ ከኢ ቅርንጫፍ ነው። በዚያው ጽሑፍ የሁለት ሶፍትዌሮችን ፋይል የሚያጣጥም አንድ እርምጃ ተዘልሎ ነበር። ሰውየው ከማጣቀሻው ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች በመውጣታቸው፣ ከዩራሲያ የተመለሰ ዘር በመላው አፍሪካ ተዳርሷል የሚለው ድምዳሜ ተጋነነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጽሑፉ አዘጋጆች ራሳቸው አረሙት፤ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው ግን ጸንቷል። ስለዚህ ፋይል በቀየራችሁ ቁጥር ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያሉትን ቦታዎች ቁጠሩ።

የመጨረሻው ስለ ሰዎቹ ነው። አባትና ልጅን አብራችሁ አትመርምሩ፤ ያልተጠየቀ የአባትነት ጥያቄ ቤት ያፈርሳል። ስምና ናሙና ቁጥር የሚያገናኘው መዝገብ በአንድ ሰው ቁልፍ ይያዝ። ናሙና ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት በእጃችሁ ይኑር፤ ግማሹም ናሙና እዚሁ ይቅር።