መጀመሪያ ይቀመጡበት፣ ኋላ ይሳቁበት

ልጆቼ፣

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከመስኮት ውጭ ተመልከቱ። በየጎሚስታው ደጃፍ የተቆለለው ጎማ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ካላማዳሪ (በጎማ ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ)፣ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት)፣ የተሰበረው ባሌስትራ (የመኪናው ሞላ ብረት)፣ ይህ ሁሉ ከባድ መኪና አራግፎት ያለፈ ነው። በእጁ አዲስ ነገር መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መጋዘን የለም። ዕቃ ሞልቷል፤ ችግሩ ብዙዎቻችሁ ከቀልዱ መጀመራችሁ ነው። ጎማ ቢጫ ቀብታችሁ ዓይን ብትሥሉለት አላፊ አግዳሚው ፎቶ ያነሳዋል፣ በሳምንቱ ግን ዶሮ ይሰፍርበታል።

ጣሊያናዊው የዕቃ ዲዛይነር አኪሌ ካስቲሊዮኒና ወንድሙ ፒየር ጃኮሞ በ1957 እ.ኤ.አ. የትራክተር መቀመጫ ወስደው የቤት በርጩማ አደረጉት። ሰው ሲያየው ፈገግ ይላል፤ ትራክተር ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል? ክፍሎቹን አንድ በአንድ ብትመረምሩ ግን ለቀልድ ብቻ የገባ አታገኙም። መቀመጫው መጀመሪያውኑ ገበሬ ቀኑን ሙሉ እንዲቀመጥበት የተሠራ ስለሆነ የሰውነትን ቅርጽ ያውቃል። አንድ እግሩ የተቆለመመ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት እንደ ባሌስትራ እጥፍ ዘርጋ ይላል። ወደ ጎን እንዳይገለበጥ ከታች አግዳሚ እንጨት አለው። መቀመጫውና እግሩ የተያያዙት በእጅ በሚጠብቅ ማሰሪያ ነው። ሳቁ የመጣው ዕቃው ካለቦታው በመገኘቱ ነው እንጂ ማንም ጌጥ አልለጠፈበትም።

ሠዓሊው ፒካሶ ደግሞ በ1942 እ.ኤ.አ. የብስክሌት ኮርቻና መሪ አገጣጥሞ የበሬ ራስ አወጣ። የእኛው አርቲስት ኤልያስ ስሜ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭና ባለቀለም ሽቦ እየጎነጎነ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። እነዚህ የሚታዩ ናቸው፣ ማንም እንዲቀመጥባቸው አልተሠሩም። የሚታይ ወይስ የሚያገለግል እየሠራችሁ እንደሆነ ሳትወስኑ ብየዳ አትጀምሩ።

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ። ቡና የምታፈላ ሰው የምትቀመጥበት የካላማዳሪ በርጩማ እንሥራ።

ከፍታው 30 ሳ.ሜ. ይሁን። ከዚያ ከፍ ካለ ጀበናው ላይ ጎንበስ ስትል ወገቧን ይይዛታል። ለመቀመጫው ቀለበት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ (የግንባታ ብረት) 115 ሳ.ሜ. ቆርጣችሁ በ13 ቁጥር ቸርኬ ዙሪያ አጉብጡት። ጫፉ ላይ ረዘም ያለ ቧንቧ ብታጠልቁ ጉልበት ይቆጥባል። ፌሮው ስትለቁት ትንሽ ስለሚመለስ ወደ 36 ሳ.ሜ. ስፋት ይሆናል፤ ትርፉን ቆርጣችሁ በይዱት። ለማቅለል ብላችሁ ባለ 8 ከተጠቀማችሁ ጎማው ሲወጠር ቀለበቱ እንቁላል ይመስላል።

እግሩ ሦስት ይሁን። ባለሦስት እግር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ አይንገዳገድም፤ አራት እግር ግን ሊሾ ያልተደረገ ወለል ላይ መወዛወዙ አይቀርም። ሦስት እግር የራሱ ጣጣ አለው፤ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ጠርዝ ያጋደለ ሰው ይገለበጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሁለት እግሮች መካከል ያለው መስመር ከመሃል የሚርቀው የእግሩን ርቀት ግማሽ ብቻ ነው። እግሮቹን ቀጥ አድርጋችሁ ብትተክሉ እግሩ ከመሃል 18 ሳ.ሜ. ይርቃል፣ መገልበጫው መስመር ደግሞ 9 ሳ.ሜ. ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን እግር 31 ሳ.ሜ. ቁረጡና ጫፉን 8 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ክፈቱት፤ መስመሩ ወደ 13 ይሸሻል፣ ከፍታውም 30 ላይ ይቀራል። ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጋችሁ ሦስቱን እግሮች በባለ 8 ፌሮ አያይዟቸው፤ አለዚያ በወር ውስጥ እየተከፈቱ ይሄዳሉ። ጫፋቸውን የጎማ ቁራጭ አልብሱት፤ ባዶ ፌሮ ምንጣፍ ይበሳል።

ስለ ብየዳ ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ ስትበይዱ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ በትኩሳትና በብርድ ያንቀጠቅጣል፤ ልባጡን መጀመሪያ በሊማ አንሱት፣ ሥራውንም ደጅ አድርጉት። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ደግሞ ባዶ ነው ብላችሁ በእሳት አትንኩት፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

ካላማዳሪው የከባድ መኪና ቢሆን ይመረጣል፣ የትንሽ መኪናው ይሳሳል። በ3 ሳ.ሜ. ስፋት ዙሪያውን እየተከተላችሁ ብትቆርጡት አንድ ረጅም ጠፍር ይወጣችኋል። ቀጥሎ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ሁለት ጊዜ እጠቡና ጥላ ላይ አድርቁ። ነጭ ጨርቅ ፈትጋችሁበት ጥቁር ከያዘ እንደገና እጠቡ፤ ይህን የዘለለ ሰው የእንግዳ ነጠላ ያበላሻል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ግን ጎማውን ያሳብጠዋል።

ውጥረቱን በግምት አትተዉት። ጠፍሩ ላይ በጠመኔ 10 ሳ.ሜ. ምልክት አድርጉ፤ ስትስቡት 13 ሲሞላ አቁሙ። ከ12 በታች ከሆነ ውሎ አድሮ ይረግባል፣ ከ15 ካለፈ ቶሎ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ መሃሉን ወጥሩ፣ ከዚያ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እያላችሁ ሂዱ። በአንድ አቅጣጫ 11 ወይም 12 መስመር ይበቃል፤ ተሻጋሪውን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ ሽመኑ። ጫፎቹን ከሥር በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ (ከብሎን ሥር የሚገባ ክብ ዝርግ ብረት) ያዙ። በሽቦ ያሰራችሁት እንደሆነ ጠፍሩን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል።

ቀለምን በተመለከተ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ጉም በወረደበት ጠዋት የተቀባ ፌሮ እርጥበቱን ከሥር ይዞ ይቀርና ከወራት በኋላ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ፀሐይ እስኪጠነክር ጠብቁ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ ፀረ ዝገቱን አስቀድሙ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናትና ቀለሙ አያስቸግርም፤ እዚያ ጠላታችሁ ፀሐይ ነው። የተወጠረ ጎማ ደጅ ሲውል ከላላው ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ፈተናው አንድ ቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰው አስቀምጡበትና የተቀማጩን እግር ተመልከቱ። ቶና ሳይቀዳ መቁነጥነጥ ከጀመረ ቀለበቱ ጭኑን እየቆረጠው ነው። መድኃኒቱ ቀለበቱን ቀድሞ በካላማዳሪ መጠቅለል ነው እንጂ ትራስ መጨመር አይደለም፤ ትራስ ያስፈለገው በርጩማ አልተሠራም ማለት ነው።

አሁን ቀልዱን ጥሩት። ጎሚስታው የለጠፈውን ፓች አትደብቁት፤ ጥቁሩ ላይ ያምራል። ሲወጠር ግን ከዳሩ ስለሚነሳ ፓች ያለበትን ጠፍር መጨረሻ ላይ ላላ አድርጋችሁ ሸምኑት። መንፊያ ቫልቩንም አትቁረጡት። ጭን ሥር እንዳይገባ ከቀለበቱ ውጭ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይቅር፤ ክዳኑን ግን አጥብቁለት፣ ቤት ያሉ ልጆች በርጩማውን ሊነፉት መሞከራቸው አይቀርም።