በየጊዜው ወለም ለሚለው እግር

እህቴ፣ «55 ዓመቴ ነው፤ ጠዋት ስራመድ ቀኝ እግሬ በየጊዜው ወለም ይለኛል፤ እርምጃውን ልተወው?» ብለው ጠይቀዋል። ኧረ እንዳይተዉት! በዕድሜ ብዙም አንራራቅም። የእኔም ግራ እግር ከኳስ ዘመኔ ጀምሮ ወለምታ ለምዶ ነበር። አሁን ግን ኮብልስቶኑንም የእንጦጦን ቁልቁለትም ሳልሳቀቅ እሄድበታለሁ።

አንዴ ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ለሌላ ጊዜም የተጋለጠ ነው። ችግሩ የጅማቱ መላላት ብቻ አይደለም። ድንጋይ ሲያጋድል እግር ቶሎ አውቆ ራሱን የሚያስተካክልበት ስሜት ይዳከማል። ዕድሜም ይጨምርበታል። ስለዚህ ከጡንቻው እኩል ሚዛንዎንም ማሠልጠን አለብዎት። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል።

እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ በአንድ እግር መቆም ነው። ጥርሴን ስቦርሽ፣ በባዶ እግሬ፣ አንድ የእጅ ጣቴን የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቁርጭምጭሚትዎ ይንቀጠቀጣል፤ የእግር ጣቶችዎም ወለሉን ይቧጥጣሉ። አይደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ምንም ሳይነኩ 30 ሰከንድ መቆም ሲችሉ አንገትዎን ግራና ቀኝ ያዙሩ። ዓይን መጨፈን የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ያኔም የሚይዙት ነገር ከአጠገብዎ አይጥፋ። ካልሲ አድርገው ሴራሚክ ላይ ግን እንዳይሞክሩት!

ከዚያ ተረከዝ ማንሳት አለ። ወንበር ይዘው ቀስ ብለው ይነሱ፤ ሲወርዱ ደግሞ ይበልጥ ቀስ ይበሉ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ዙር። ሲቀልዎት በአንድ እግር ያድርጉት። ለውጪኛው ጡንቻ ደግሞ ተቀምጠው የእግርዎን ጎን በትንሿ ጣት በኩል ግድግዳ ላይ ለ5 ሰከንድ ይግፉ። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ ሁለት ወር ገደማ ይታገሡ።

ጫማዎን ገልብጠው ይዩት። ተረከዙ በአንድ በኩል ከተበላ ለእርምጃ አይሆንም፣ በተለይ ዝናብ በነካው ኮብልስቶን ላይ።

እንደገና ወለም ካለዎት? «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ እኔ ግን የእግሩንም በትኩሱ ባይታሽ እላለሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ፋሻ፣ እግርን ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ ይበቃል። አራት እርምጃ መሄድ ካቃትዎት ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመዎት ከወጌሻ በፊት ራጅ ይነሱ። ስብራት ከሌለ ብዙ ቀን አይተኙበት። ሕመሙ በረድ ሲል በአውራ ጣትዎ አየር ላይ ሀ ሁ ሂ እየጻፉ ያፍታቱት።

ስኳር ካለብዎትና ውስጥ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን በአንድ እግር መቆሙን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።