የበረኛው ሽልማት ይሻር ወይ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ። እኛ በጅማ የምንኖር፣ አብዛኞቻችን በዩኒቨርሲቲ የተዋወቅን ስምንት ሰዎች በኮምፒውተር የሚካሄድ የበረዶ ሆኪ ሲሙሌሽን ሊግ አለን። እያንዳንዳችን አንድ ቡድን እናስተዳድራለን። ተጫዋቾቹን የፈጠርናቸው እኛው ነን፤ ጨዋታውን ፕሮግራሙ ያካሂዳል፤ ውጤቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ ተሰብስበን እናያለን። ካቻምና የዓመቱን ኮከብ ተጫዋች በድምፅ ስንመርጥ፣ በሊጉ ከፍተኛውን ነጥብ ያስመዘገበው የመሃል አጥቂ በአንድ ድምፅ ተበልጦ ሽልማቱ ለአንድ በረኛ ተሰጠ። የአጥቂው ቡድን በደረጃ ከበረኛው ቡድን የተሻለ ነበር። በዚያ ላይ የበረኛው ባለቤት ድምፁን የሰጠው ለራሱ ተጫዋች ነው፤ ይህን የሚከለክል ደንብ ግን አልነበረንም። ዘንድሮ ከመካከላችን አንዱ የዚያን ዓመት ፋይል አግኝቶ ውድድሩን ደጋግሞ ሲያስኬደው በአብዛኛው አጥቂው በልጦ ተገኘ። አሁን ግማሾቻችን ሽልማቱ ይሻር ስንል ግማሾቻችን ያለፈው አልፏል እንላለን። የበረኛው ባለቤት ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ ከጅማ ወጥቷል። ምን ይመክሩናል?

የሊጉ ጸሐፊ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳዩን እንደገና መመርመራችሁን እደግፋለሁ፤ ሽልማቱን መሻሩን ግን አልደግፍም። ምክንያቴ «ያለፈው አልፏል» የሚለው አይደለም። ለመሻር የቀረበው ዋና ማስረጃ፣ ማለትም ፋይሉን ደጋግሞ ማስኬዱ፣ የሚመልሰው ጥያቄ እናንተ ድምፅ ስትሰጡ ከነበራችሁ ጥያቄ የተለየ በመሆኑ ነው።

የሲሙሌሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተሰጡትን የችሎታ ቁጥሮች ይወስድና ፓክ የሚባለው፣ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ ለማን እንደሚደርስ፣ ምቱ ጎል ይሁን ወይስ በረኛው ያድነው፣ በእነዚያ ቁጥሮች ልክ በሚያዘነብል ዕጣ ይወስናል። ስለዚህ ውድድሩ ሺህ ጊዜ ቢካሄድ ሺህ ዓይነት ሠንጠረዥ ይወጣል፤ የሺሁ አማካይ ግን በተጫዋቾቹ ቁጥር ላይ ወደ ተጻፈው እየተጠጋ ይሄዳል። ባልደረባችሁ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ አጥቂው የተሻለ ቁጥር የተሰጠው ተጫዋች መሆኑን። ይህንንማ ውድድሩ ሳይጀመር ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ይቻል ነበር። ሽልማቱ ለከፍተኛው ቁጥር የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ጨዋታውን ማካሄድም ባላስፈለገ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሰበሰቡት ሊሆኑ ይችሉ ከነበሩት ብዙ ውድድሮች መካከል በይፋ የተመዘገበው አንዱ እንዴት እንደወጣ ለማየት ነው፤ ኮከቡም የዚያ የአንዱ ውድድር ኮከብ ነው። በረኛው በዚያ ዓመት ከተሰጠው ቁጥር በላይ አድኖ ከሆነ፣ የተሸለመው ይኸው ከቁጥሩ በላይ ማዳኑ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ያንኑ ይፋዊ ውድድር፣ በዚያው ሲድ በሚባለው የዕጣ መነሻ ቁጥር፣ በረኛውን ብቻ አውጥተን እናስኬደው» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን አይሠራም። ፕሮግራሙ ዕጣዎቹን በተራ ነው የሚያወጣው። በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ምት በመዳኑ ፈንታ ጎል ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ድርጊት ይለወጣል፤ ቀጥሎ የሚወጣው ዕጣም ለሌላ ተጫዋችና ለሌላ ቅጽበት ይውላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በእጃችሁ ያለው «ያው ውድድር ያለ በረኛው» ሳይሆን ጨርሶ ሌላ ውድድር ይሆናል።

ይህን ስል ፋይሉ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ከእውነተኛው ሆኪ ይልቅ የእናንተ ሊግ የሚታደልበት አንድ ነገር አለ፤ ተጫዋቹን አውጥቶ በቦታው ተጠባባቂውን አስገብቶ ቡድኑ በአማካይ ምን ያህል እንደሚጎድልበት መለካት ይቻላል። ጋዜጠኞች በግምት የሚከራከሩበትን እናንተ መቁጠር ትችላላችሁ። ነገር ግን ልኬቱ በጥንቃቄ መሠራት አለበት፤ በአጥቂውም በበረኛውም ላይ እኩል ጊዜ፣ በተመሳሳይ የተሰላፊ ዝርዝርና በተመሳሳይ የጉዳት ሥርዓት፣ የሚተካውም በዚያን ጊዜ በቡድኑ ውስጥ የነበረው ተጠባባቂ እንጂ ባዶ ቦታ ሳይሆን። ከዚህ የምታገኙት የአንድ ጎል ዋጋ በእናንተ ሊግ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ያንን ዋጋ ወስዳችሁ በይፋዊው ሠንጠረዥ ላይ ብትሠሩበት ትክክለኛ ምርመራ ይሆናል።

በግምት ለማሳየት ያህል፣ በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ስድስት ያህል የጎል ልዩነት ከአንድ ድል ጋር ይመጣጠናል ይባላል። አንድ በረኛ 1,800 ምት ቀርቦለት ከመቶው 92ቱን ቢያድን፣ ተጠባባቂው ደግሞ ከመቶው 90.5 የሚያድን ቢሆን፣ ልዩነቱ 27 ጎል፣ ወይም አራት ድል ተኩል ገደማ ነው። የአጥቂውን ነጥብ ግን እንዲህ በቀጥታ ወደ ጎል መመንዘር አይቻልም። በሆኪ አንድ ጎል ለአግቢውና ቢበዛ ለሁለት አቀባዮች አንድ አንድ ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ መቶ ነጥብ ያለው አጥቂ መቶ ጎል ጨመረ ማለት አይደለም፤ በእሱ ቦታ የሚገባውም ተጫዋች ጥቂት ማግባቱ አይቀርም። ደግሞም ምርጥ አጥቂ ከ60 ደቂቃው ሃያውን ያህል ሲጫወት በረኛው ሙሉውን ይቆማል። የነጥብ ሠንጠረዡን አናት ብቻ አይተው «ግፍ ተሠራ» የሚሉት ባልደረቦችዎ ይህን ቢመዝኑት መልካም ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በእውነተኛው ሆኪ ውስጥ የቆየ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሆኪ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሃርት የሚባለው ዋንጫ ከ1924 ጀምሮ የሚሰጠው ለቡድኑ ከሁሉ የላቀ ጥቅም ለሰጠ ተጫዋች ሲሆን፣ መራጮቹ የሆኪ ጋዜጠኞች ማኅበር አባላት ናቸው። ከፍተኛ ነጥብ ላስመዘገበው አርት ሮስ የሚባል ሌላ ዋንጫ አለ፤ ለዚያ ድምፅ አያስፈልግም፣ መደመር ይበቃል። በ2002 የሞንትሪያሉ በረኛ ጆዜ ቴዎዶርና የካልጋሪው አጥቂ ጃሮም ኢግንላ በድምፅ ነጥብ 434 ለ434 እኩል ሆኑ። ኢግንላ 52 ጎል አግብቶ በ96 ነጥብ ሊጉን የመራ ሲሆን ቡድኑ ግን ለጥሎ ማለፉ አልደረሰም ነበር። የአንደኝነት ድምፅ 26 ለ23 በመብለጡ ዋንጫው ለቴዎዶር ሆነ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚመርጡትን ሽልማት ደግሞ ኢግንላ ወሰደ። ብዙ ሰው ኢግንላ ተበደለ ብሎ ያምናል፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። መዝገቡ ግን ዛሬም የሚለው ቴዎዶር ነው፤ የእኩልነቱም ቁጥር ከጎኑ ተጽፎ ስለሚገኝ ክርክሩን ማንም ሊያነሣው ይችላል።

ከዚያ በፊት በ1989 የፒትስበርጉ ማሪዮ ሌሚዩ 199 ነጥብ አስመዝግቦ ሳለ ሃርት የተሰጠው 168 ነጥብ ለነበረው ለዌይን ግሬትስኪ ነበር። ግሬትስኪ ወደ ሎስ አንጀለስ በተዛወረበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት የቡድኑ የደረጃ ነጥብ ከ68 ወደ 91 ከፍ ብሎ ነበርና መራጮቹ የተመለከቱት ያንን ይመስላል። በ2018ም ኮነር ማክዴቪድ በ108 ነጥብ ሊጉን ቢመራም ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ስለቀረ፣ ዋንጫው 93 ነጥብ ላለው ለኒው ጀርሲው ቴይለር ሆል ሆነ። በሆል ቡድን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተጫዋች 52 ነጥብ ብቻ ነበረው። ይሁንና የቡድን ደረጃም ቢሆን የማይናወጥ መስፈርት አይደለም፤ ሌሚዩ በ1988 ሃርትን የወሰደው ፒትስበርግ ለጥሎ ማለፉ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ የአጥቂው ቡድን በደረጃ መብለጡ አንድ ነጥብ ይሆናል እንጂ ፍርዱን አይቋጭም። የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በገባበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሣ «ቡድኑን የተሸከመው ማን ነው?» ተብሎ በየቡና ቤቱ ቢጠየቅ መልሱ አንድ አይሆንም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የበረኛው ባለቤት ለራሱ ተጫዋች ድምፅ መስጠቱ ነው። በስምንት ሰው ምርጫ አንድ ድምፅ ብዙ ነው፤ ልዩነቱም አንድ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ አልተከለከለም፤ የአጥቂው ባለቤት ለማን ድምፅ እንደሰጠም በደብዳቤዎ አልገለጹም። እሱም ለራሱ ተጫዋች ሰጥቶ ከሆነ ሁለቱ ድምፆች ይጣፋሉና ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ካልሰጠ ደግሞ ያኔ የነበረው ጉድለት የደንብ እንጂ የሰው አይደለም፤ በሌለ ደንብ ሰውን መቅጣት ደግሞ አይገባም፤ ያውም ቀርቦ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ጊዜ።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። በሊጉ መዝገብ የበረኛው ስም እንዳለ ይቀመጥ፤ ከሥሩ የድምፁ ቁጥር፣ የራስን ተጫዋች የመምረጡ ጉዳይና ከላይ በጠቀስኩት ጥንቃቄ የሠራችሁት ልኬት በአጭሩ ይጻፍ። ከመጻፉ በፊት ለቀድሞ ባልደረባችሁ ደውሉለት፤ የሚለውም አብሮ ይግባ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማንም የራሱን ተጫዋች እንዳይመርጥ ደንግጉ፤ በአንድ ስም ፈንታም እያንዳንዱ መራጭ አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጻፍ። ኤንኤችኤል ከአንደኛ እስከ አምስተኛ 10፣ 7፣ 5፣ 3 እና 1 ነጥብ ይሰጣል። ይህም ቢሆን ከተንኮል አያድንም፤ ሁለተኛ ሊያደርገው የሚገባውን ተጫዋች ሆን ብሎ ከዝርዝሩ የሚያስወጣ አንድ መራጭ ሰባት ነጥብ ይነጥቀዋል። መድኃኒቱ የድምፅ ወረቀቶቹን በይፋ ማሳየት ነው፤ የሆኪ ጋዜጠኞቹም ከ2018 ጀምሮ የእያንዳንዱን መራጭ ድምፅ ይፋ ያደርጋሉ። በመጨረሻም ድምፅ እኩል ሲሆን ምን እንደሚደረግ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። በ1980 ማርሴል ዲዮንና ግሬትስኪ በ137 ነጥብ እኩል ሲሆኑ አርት ሮስ ለዲዮን የተሰጠው 53 ለ51 ጎል በመብለጡ ነበር፤ መለያው አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ቢያንስ በአሠራሩ ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ አልነበረም።

ጥያቄ፦ እኔ የዚያው ሊግ አባልና የአጥቂው ባለቤት ነኝ። ጸሐፊያችን ያልነገሩዎት አንድ ነገር አለ። በመጨረሻው ቅዳሜ ጨዋታዎቹ እየተካሄዱ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም ባትሪው ደካማ ስለነበር ተዘጋ። መብራት ሲመጣ ጨዋታዎቹ እንደ አዲስ ተካሄዱ፤ በረኛውም በዚያ ቀን አንድም ጎል ሳይገባበት ወጣ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ሁለት ገብቶበት እንደነበር አይተናል። የትኛው ነው የሚቆጠረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ፋይሉን ደጋግሞ ስለማስኬድ ከተነሣው ክርክር ሁሉ የበለጠ ክብደት አለው፤ ይፋዊው ውድድር የቱ ነው የሚለውን ራሱን ስለሚነካ። የእኔ አስተያየት፣ ተጠናቅቆ ያልተመዘገበ ጨዋታ ውጤት የለውም፤ ሁሉም ተሰብስበው እያዩ እንደገና እንዲካሄድ ከተስማሙ ሁለተኛው ይፋዊ ነው። መጠየቅ ያለበት ማን እንደገና እንዳስጀመረው ነው። ያስጀመረው የበረኛው ባለቤት ሆኖ ሌሎቻችሁን ሳይጠይቅ ከሆነ፣ ያ አንድ ጨዋታ ከበረኛው ሒሳብ ወጥቶ ድምፁ ይለወጥ እንደነበር መራጮቹን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሽልማቱን እንደገና ለመክፈት በቂ ምክንያት የምቀበለው ይህን ብቻ ነው። እርስዎም በዚያን ቀን ተቃውሞዎን አሰምተው እንደነበር ወይም ዝም ብለው እንደነበር ለባልደረቦችዎ በግልጽ ይንገሩ። ለወደፊቱ ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ፋይሉን እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ ቅጂውም ቢያንስ በሁለት አባላት እጅ ይኑር።

ጥያቄ፦ በረኛ የራሱ ሽልማት እያለው ለኮከብ ተጫዋችነት መወዳደር አለበት?

መልስ፦ አዎ። በኤንኤችኤል ቬዚና የሚባል የበረኞች ዋንጫ ቢኖርም ሃርት ለበረኛ ዝግ አይደለም። እውነት ነው፣ ከ1962ቱ ዣክ ፕላንት በኋላ እስከ 1997ቱ ዶሚኒክ ሃሼክ ድረስ አንድም በረኛ አልወሰደውም፤ ሃሼክ ግን በ1998 ደገመው፤ ከዚያም ከቴዎዶር ሌላ ኬሪ ፕራይስ በ2015፣ ኮነር ሄለባክ በ2025 ወስደውታል። የእናንተ ሊግ በረኛን ማግለል ከፈለገ ይችላል፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይጻፈው እንጂ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ አያንሣው።