ያልተመለሰ ወንፈል

በቀደም የጓደኛዬ ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ክረምቱን ጅሩ አያቴ ጋ ልሂድ ወይስ እዚሁ ኮርስ ልውሰድ?» አለችኝ። «እንደተመቸሽ» አልኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔም የእነዋሪ ልጅ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ፣ የጅሩ ከተማ። የጅሩ መሬት መረሬ ነው፣ ጥቁር አፈር። በጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ውሃ ይዞ አልለቅም ይላል። ስለዚህ ስንዴ ሲዘራ ማሳው በእጅ መደብ መደብ እየሆነ ይወጣል፤ በመሀሉ የውሃ መሄጃ ቦይ ይቀራል። ሹሩቤ እንለዋለን፣ የተጎነጎነ ፀጉር ስለሚመስል ይሆናል። በሬ ካረሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ የሚውለው በብዛት ሴትና ልጅ ነው።

1979 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን ልጇን አዝላ ሁለት ቀን ዋለችልን። ወንፈል ነው፤ በተራችን ሁለት ቀን እንውልላታለን። እናቴ «ልጄ አለ፣ እሱ ይመጣል» አለች። ልጇ ደግሞ የምህንድስና ተማሪ ነኝ ብሎ ተነፍቷል።

የመጀመሪያውን ቀን ሄድኩ። ጭቃው እስከ ክርኔ ወጣ። የሰፈር ልጆች «ኢንጂነሩ!» እያሉ ሳቁብኝ። በማግስቱ ሌሊት «ለልምምድ ጠርተውኛል» ብዬ ዋሸሁና ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ደነባ ሳንደርስ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ወርደን ስንገፋ ዋልን። ከጭቃ ሸሽቼ ጭቃ!

በእኔ ፋንታ እናቴ ሄደች። ወገቧን እንደሚያማት አውቅ ነበር። ዝናቡ ቀደማቸው። ያልደረሱበት ጥግ ውሃ ተኛበት፤ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ይህን የሰማሁት ጥር ላይ ነው፣ ከሌላ ሰው። ጎረቤታችን የላከችልኝ ቆሎ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ስንደርስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የማሳ ውሃ ማጠንፈፊያ ሣለ። መደብ፣ ቦይ፣ መደብ፣ ቦይ። እጄን አወጣሁ። ምንም ሳልናገር መልሼ አወረድኩት።

የዘንድሮ ወጣት ሰነፍ ነው ሲባል አልስማማም፤ እኛም ሰነፎች ነበርን። ብቻ እኛ ስንሸሽ እናፍር ነበር፤ እናንተ ማሳው ዳር ፎቶ ተነሥታችሁ ትመለሳላችሁ። ይቅርታ፣ ይቺ አመለጠችኝ።

ኮርስ አትውሰዱ አልልም፤ ኮርስ እንጀራ ነው። ልጅቷን ግን ደውዬ «ሂጂ» አልኳት። ደግሞ ሐምሌ ሳያልቅ ድረሺ። ለቡሄማ፣ ለሙልሙሉና ለጅራፉ፣ ማን ይቀራል? አሁን በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መጥቷል፤ በእጁ የሚያወጣም አልጠፋም።

ጎረቤታችን አርፋለች። ያኔ አዝላው የነበረው ልጅ ዛሬ ያንኑ ማሳ ያርሳል። አምና ክረምት ሄጄ ሱሪዬን ሰብስቤ ልገባ ስል እጄን አየና፣ «ጋሼ፣ አንቱ ይቀመጡ፤ ጭቃ ነው» አለኝ።