እድሳት ላይ ባለ ተርሚናል ከባሕር ዳር መብረር፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ነገር ያዘነብላሉ። ተርሚናል ውስጥ የግንባታ ሥራ ሲኖር በየት ይገባል? ስንት ሰዓት ይደረሳል? ዕቃውስ? ብዙ ዓመት ትኬት ስቆርጥና መንገደኛ ሳሳፍር የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልበል። ጥያቄዎቻችሁን አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙ። እድሳት ሲኖር የሚቀያየረው በሩና መተላለፊያው ነው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የግቢው በር ላይ ፍተሻ፣ የሕንፃው መግቢያ ላይ ፍተሻ፣ ቼክ-ኢን፣ ሌላ ፍተሻ፣ መጠበቂያ፣ ከዚያ በእግር ወደ አውሮፕላኑ። ይህን በልቡ የያዘ ሰው በጓሮ ቢያስገቡትም አይደናገርም። ግራ የሚጋባው «ባለፈው እኮ በዚያ ነው የገባሁት» እያለ ከጥበቃ ጋር የሚሟገተው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልበር ነው። ትኬቴ 07፡10 ይላል። ስንት ሰዓት ልድረስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል፣ ወንድሜ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07፡10 ማለት ከጠዋቱ 1፡10 ነው። 13፡10 ቢል ደግሞ ከቀኑ 7፡10። በዚህ ስንት ሰው እንደተሸወደ ብነግርህ አታምነኝም። ሰውየው ከምሳ በኋላ ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል፣ አውሮፕላኑ ግን ጠዋት ሄዷል። ቀኑም እንደዚያው ነው። ጃንዋሪ 19 ሲል ጥር 19 እንዳይመስልህ። አብዛኛውን ዓመት ጥር 11 ነው፣ ጥምቀት።

በደህናው ጊዜ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበቃል። ሥራ ካለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጨምርበት። እስከ አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜ የሚበላው መሬት ላይ ያለው ነው። ግማሹ አዳራሽ በቺፑድ ታጥሮ ሲዘጋ ሰልፉ ይጠብና ወደ ውጭ ይረዝማል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሁሉም አንዴ ወደ በሩ ይገፋል። በስልክህ ቼክ-ኢን ካደረግክ አንድ ሰልፍ ይቀንስልሃል። ሻንጣ የምታስረክብ ከሆነ ግን መስኮቱ ጋ መቆምህ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከወረታ ነው የምመጣው። ከተማ ሳላድር ጠዋት መድረስ እችላለሁ? ባጃጅስ እስከ ተርሚናሉ በር ያደርሳል?

መልስ፦ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው፣ ከመሃል ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ያህል። እርስዎ የሚገቡት ግን በዓባይ በኩል ነው። ስለዚህ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥዎ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ሰፊም ነው፣ መግቢያውን አቅልሎታል። ከዚያ ወዲህ ያለው የከተማ መንገድ ግን እንደ ቀኑ ነው። ለመጀመሪያው የጠዋት በረራ ከሆነ እኔ ብሆን ማታውኑ ከተማ ገብቼ አድራለሁ። በጥምቀት ሰሞንማ ጭራሽ አይሞክሩት። ታቦት ሲወጣና ሲገባ መንገድ ይዘጋል፣ መዘጋቱም ተገቢ ነው።

ባጃጁን ደግሞ ከመሳፈርዎ በፊት «የት ድረስ ነው የምታደርሰኝ?» ብለው ይጠይቁ። ግቢው በር ላይ ካወረደዎት ቀሪውን ሻንጣ ይዘው በእግር ነው። ሥራ ሲኖር መኪና ማቆሚያው ላይ አሸዋና ጠጠር ይከመራል፣ ጎማ ያለው ሻንጣ እዚያ ላይ አይንከባለልም። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ ስሜ በአንድ ፊደል ከመታወቂያዬ ይለያል። ያሳልፉኛል?

መልስ፦ ዛሬውኑ ትኬት ቢሮ ሄደሽ አስተካክዪ። የእኛ ስም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጽፈው፣ «ጸጋዬ»ን አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጀምረዋል። ፋይዳም ይሁን የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ይዘሽ የምትሄጂው ላይ እንዳለው ይሁን። በሰላሙ ጊዜ በር ላይ አስረድተሽ ልታልፊ ትችዪ ይሆናል። ከኋላሽ መቶ ሰው በጠባብ ኮሪደር ሲጋፋ ግን ማን ቆሞ ይሰማሻል?

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ፣ ዲያቆን። ለአዲስ አበባ ዘመዶች ጠበል፣ ማርና ቅቤ ልይዝ ነው። መቋሚያዬስ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ደስ አለኝ፣ ከጣና ገዳማት የሚመለስ ሰው ሁሉ ይመለከተዋልና።

መቋሚያው ከእርስዎ ጋር ወንበር ላይ አይሄድም። ዱላ ዱላ ነው፣ ለፈታሹ የቅዳሴና የእረኛ ብሎ ልዩነት የለውም። በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሁለቱን ጫፍ በካርቶን አስረው ከሻንጣ ጋር ያስረክቡት። እድሳት ላይ ሻንጣ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል ይበዛልና ሳይጠቀለል አይስጡት።

ጠበሉም፣ ማሩም፣ ቅቤውም በሚረከብ ሻንጣ ይግባ። ፈሳሽና ፈሳሽ መሰል ነገር በእጅ ይዞ ፍተሻ ላይ መከራከር ትርፉ ጠበሉን እዚያው ጥሎ መሄድ ነው። አስተሻሸጉ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ቦሌ ደግሞ 2,300 ሜትር ያልፋል። ላይ ሲወጡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ እዚህ ጥርቅም አድርገው የዘጉት ሃይላንድ እዚያ ሲደርስ ተነፍቶ ያገኙታል። ክዳኑ የላላ ከሆነ ያፈሳል። ስለዚህ እስከ አፉ አይሙሉት። ጎኑን ጨመቅ አድርገው አየሩን ያስወጡና በዚያው ክዳኑን ያጥብቁ። አፉ ላይ የፌስታል ቁራጭ ጣል አድርጎ በላዩ መክደንም ይረዳል። ከዚያ በሁለት ፌስታል ቋጥረው ልብስ መሃል ያቁሙት። ማር በሰፊ አፍ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ቅቤውን ማታውኑ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድረው ሲረጋ ይያዙት። ሻንጣ ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ በቅቤ ርሶ ቦሌ ላይ ሲከፈት አይቻለሁ። እመቤቲቱ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

አረቄን የጠየቃችሁም አላችሁ። በቤት ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ የተሞላ አረቄ አይሞከር። ጠንካራ መጠጥ የሚፈቀደው በፋብሪካ እንደታሸገ፣ ያውም በልክ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ እግራቸውን ያማቸዋል። ተርሚናሉ ተቆፋፍሮ ከሆነ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠየቀው ትኬቱ ሲቆረጥ ነው፣ ክፍያ የለውም። በዚያን ዕለት በር ላይ ደርሶ «ወንበር ስጡኝ» ማለት ግን የዕድል ነገር ነው። ሥራ ሲኖር ደግሞ ወንበሩ ቢኖርም መንገዱ ላይኖር ይችላል። አሮጌው ወለል ተነስቶ አዲሱ ሴራሚክ እስኪነጠፍ ድረስ በመሃል ጣውላ ጣል ያደርጉበታል። ጣውላው ይወዛወዛል፣ የወንበሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች ጫፉ ላይ ይያዛሉ። ሲደርሱ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድሞ መሳብ ነው። የሚገፋው ልጅ ካላወቀ ንገሪው፣ አይከፋውም።

ከአዳራሹ እስከ አውሮፕላኑ ያለው በእግር ነው። የሚመጣው ባለ ማራገቢያው ኪው 400 ከሆነ የራሱ አጭር ደረጃ አለው፣ ለእናትሽ ይቀላል። ቦይንግ ከሆነ ደረጃው ረጅም ነው። የትኛው እንደሆነ ስትቆርጪ ጠይቂ። መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። የሲሚንቶ አቧራ ስለሚኖር ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል ያድርጉ። አስም ካለባቸው በአፍ የሚሳበው መድኃኒት (ኢንሄለሩ) ከእጃቸው አይለይ።

አንቺ መንገደኛ ካልሆንሽ እስከ ውስጥ አብረሽ መግባትሽን አትቁጠሪው። ለታማሚ ደጋፊ አንዳንዴ ይፈቅዳሉ፣ ኃላፊውን በትሕትና ጠይቂ። ሌሎቻችሁ ሸኚዎች ግን ስንብታችሁን ውጭ ጨርሱ። ቤተሰብ ሙሉ መጥቶ በር ላይ ሲላቀስ መንገድ ይዘጋል፣ በር የቀረው አንድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ የድሪሉ ጩኸት ማስታወቂያውን ይውጠዋል። በረራ እንዳያመልጠኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በጆሮ ሳይሆን በዓይን ጠብቅ። መውጫውን በር የምታይበት ቦታ ተቀመጥ። ስልክ ላይ ተደፍተህ ጥግ አትያዝ። የበረራ ቁጥርህን ቦርዲንግ ፓሱ ላይ አንብበህ ያዘው። ሰው ግር ብሎ ሲነሳ አብረህ ከመሰለፍህ በፊት የመጀመሪያውን ሠራተኛ «ይህ ቁጥር ነው?» በለው። ቀስት የተሳለባቸው ወረቀቶች ግድግዳው ላይ ታያለህ። እነሱን እኔ ብዙ አላምናቸውም። ባለፈው ሳምንት የተለጠፈ ቀስት ዛሬ ወደ ቆርቆሮ አጥር ሊያመለክት ይችላል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ጠይቅ። ሄልሜት ያደረገውን ግንበኛ አትጠይቅ፣ ደግ ስለሆነ ያሳይሃል፣ የሚያሳይህ ግን የራሱን መውጫ ነው።

ጥያቄ፦ ብስኩት የበላሁበትን ላስቲክ መስኮት ሥር ብጥል ጥበቃው ጮኸብኝ። ለዚህ ያን ያህል?

መልስ፦ አዎ፣ ለዚህ ያን ያህል። ጣና ዳር ስለምንኖር ወፍ ብርቃችን አይደለም፣ አውሮፕላን ግን ወፍ ጠላቱ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሳ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ተሳቡ። አብራሪዎቹ ዞረው ለመመለስ ታገሉ፣ ሞተሮቹ ግን ከዱ። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ ወድቆ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ተሳፋሪና ሠራተኛ 35 ሰው ሞተ። ግንባታ ባለበት ደግሞ ወፍ የሚጠራው ነገር ይበዛል። የተቆፈረ አፈር ትል ያወጣል፣ ጉድጓድ ውሃ ያቁራል፣ የሠራተኛ ምሳ ፍርፋሪ ይረግፋል። የአንተ ብስኩት ሲጨመርበት ጥበቃው ቢጮህ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክ?

መልስ፦ በእጅ። ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ሻንጣህን ያስከፍቱሃል። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያልፋል፣ በተለመደው አጻጻፍ 27,000 ሚሊአምፔር ገደማ ማለት ነው። ቻርጅ አድርገህ ና፣ ሥራ ላይ ባለ አዳራሽ ሶኬት አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሥራውን ፎቶ አንስቼ ልለጥፍ?

መልስ፦ ፍተሻ ቦታና አውሮፕላኑ የሚቆምበት ሜዳ ላይ ስልክ አታውጣ። በቃ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ተነስቼ በቦሌ ወደ ዱባይ ነው የምሄደው። ስንት ሰዓት ክፍተት ልተው?

መልስ፦ የቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል ተስፋፍቶና ታድሶ በ2017 ተከፍቷል፣ ያኛው በኩል አሁን ሰፊ ነው። የሚያሳስበኝ የባሕር ዳሩ መዘግየት ነው። የክረምት ደመናም፣ የሥራ መጨናነቅም ሊያቆይሽ ይችላል። አራት ሰዓት ብትተዪ ነፍስሽ እፎይ ትላለች። ሁለቱም በረራ በአንድ ትኬት የተቆረጠ ከሆነ ሻንጣሽ ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ተመልከቺ። የዱባይ ኮድ ካለበት ቦሌ ላይ አትፈልጊውም። የቦሌ ብቻ ከሆነ አውርደሽ እንደገና ማስረከብ አለብሽ። ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው የሚጠብቅሽ እንዳይመስልሽ። እንደዚያ ከሆነ ከዋዜማው ሂጂና አዲስ አበባ እደሪ።

ጥያቄ፦ ውስጥ ቁርስ ይገኛል?

መልስ፦ እድሳት ሲጀመር ቀድሞ የሚዘጋው ሻይ ቤቱ ነው። ቤትህ በልተህ ውጣ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ብትይዝ ማንም አይከለክልህም፣ ቅርፊቱን ግን እላይ የተባለውን አንብበህ ጣል።