10 ሺህ ጎሩቲን በጥቂት ትሬድ እንዴት ይሠራል?
ሰላም ወዳጄ። 10 ሺህ ጎሩቲን (በጎ ቋንቋ ጎን ለጎን የሚሄድ ቀላል ሥራ) ከሶኬት (ከኔትወርክ ግንኙነት) ዳታ እየጠበቁ የሊኑክስ ትሬዶቹ (ኮዱን የሚያስኬዱት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሠራተኞች) ለምን ጥቂት ብቻ ሆኑ ላልከው፣ ሚስጥሩ ያለው ጎሩቲኖቹን የሚያስተዳድረው የጎ ራንታይም ውስጥ ነው። ሪድን (ማንበቢያውን ፋንክሽን) ስትጠራ ኮድህ የቆመ ይመስላል እንጂ ትሬዱ አይቆምም። ሶኬቱ ላይ ገና ምንም ካልደረሰ ራንታይሙ ጎሩቲኑን ያስተኛውና ትሬዱን ለሌላ ተረኛ ይሰጠዋል። ዳታው ሲመጣ ኢፖል (ሶኬቶቹን የሚከታተለው የሊኑክስ መሣሪያ) ይናገራል፤ ጎሩቲኑም ነቅቶ ወረፋ ይይዛል። የተኛ ጎሩቲን ደግሞ ርካሽ ነው፣ ስታኩ (የሚሠራበት ሜሞሪ) ከ2 ኪሎባይት ይጀምራል።

ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ስታነብ ግን ይሄ የለም። ኢፖል ለተራ ፋይል አያገለግልም። ስለዚህ ትሬዱ ራሱ ታግቶ ይቀራል፣ ራንታይሙም ሌላ ለመክፈት ይገደዳል። እኔ ሁሉንም ፋይል ባንዴ ላንብብ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ! ትሬዱ ከ10 ሺህ ሲያልፍ (ካልቀየርከው ጣሪያው እሱ ነው) ፕሮግራሙ ክራሽ ያደርጋል። አሁን 64 ቦታ ባለው ቻናል (የጎ ወረፋ) ባንዴ ከ64 ፋይል እንዳያልፍ ገድቤ ነው የማነበው።